የአዋሹ ቡፌ፤ ቁርስና ምሳ የሚገናኙበት ጠረጴዛ

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ረፋድ ላይ የሚቀርበው ማዕድ ቁርስ ነው ወይስ ምሳ? እኛ ስም ሳናወጣለት ለዘመናት ስንበላው ኖረናል፡፡ እንግሊዞች ግን የሁለቱን ስም አዳቅለው «ብራንች» ብለውታል፡፡ ቃሉን በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጋይ ቤሪንገር የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1895 ነበር፡፡ ቅዳሜ ማታ ሲዝናና ያመሸ ሰው እሑድ በማለዳ ተነስቶ ከከባድ ምግብ ጋር ከሚታገል፣ አርፍዶ ቢነሳና ቀለል ባለ ነገር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ዋናው ምግብ ቢሸጋገር ይሻለዋል የሚል ነበር ክርክሩ፡፡

በአገራችን ይህን ማዕድ በፈረንሳይ ወግ መቅመስ የፈለገ ሰው ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አማራጭ አያጣም፡፡ እኔ ግን ይህን ስም ሲጠሩብኝ ትዝ የሚለኝ ከአዳማ 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአፋር ክልል በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ ዳዋሽ ነው፡፡

«ቡፌ» ስንል አንዳንዶቻችን የሳሎኑን የዕቃ መደርደሪያ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ በሠርግ ላይ ተሰልፈን የምናነሳውን ምግብ እናስባለን፡፡ በፈረንሳዮች ዘንድ ግን ቃሉ የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤትም መጠሪያ ነው፡፡ ለዚህ ዋናው ምሳሌ በፓሪስ ጋር ደ ሊዮን የተሠራው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1901 በፕሬዚዳንት ኤሚል ሉቤ የተመረቀው ይህ ቤት፣ ጣሪያና ግድግዳው በ41 ሥዕሎች ያጌጠ ሲሆን፣ ከ1963 ጀምሮ «ለ ትሬን ብሉ» እየተባለ ይጠራል፡፡ የአዋሹ ቡፌ የወርቅ ቅብ ጣሪያ ባይኖረውም የአንድ ባህል ልጆች ናቸው፡፡ ከዚያው ቋንቋ «ላ ጋር» የሚለውን ወስደን «ለገሃር» እንዳልነው ሁሉ ማለት ነው፡፡

ምግብ ቤቱ በበረሃው አፋፍ ላይ ለምን ተሠራ? ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነበር፡፡ በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም፡፡ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለነበር፣ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያሳልፍ ነበር፡፡ ለደከመ መንገደኛ አልጋና ምግብ ያስፈልገዋል፤ ቡፌው የዚህ ፍላጎት ውጤት ነው፡፡ ኋላም የግሪክ ተወላጆች ለረጅም ዓመታት ይዘውት ቆይተዋል፡፡ አፄ ኃይለ ሥላሴና ጄኔራል ደ ጎል አርፈውበታል እየተባለም ይተረካል፡፡

በ1998 ዓ.ም. በበዓለ ሃምሳ አንድ እሑድ አባቴን ይዤው ወረድኩ፡፡ አባቴ ከባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ጡረታ የወጣ ሰው ነበር፡፡ አዳማን አልፈን፣ መተሐራ ላይ ዓመት በዓመት እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ሲገፋ የኖረውን የበሰቃ ሐይቅ ተሻግረን 4 ሰዓት ላይ ደረስን፡፡ አባቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፡፡ «ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ይህን በረንዳ የማውቀው ከፉርጎ በር ላይ ሆኜ ነው፡፡ መንገደኛው ሲበላ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ አንድም ቀን ተቀምጬበት አላውቅም» አለኝ፡፡

ተቀመጥን፡፡ መጀመሪያ ፓፓዬ ከሎሚ ጋር፣ ቀጥሎ ዳቦ በቅቤና በማርማላታ፣ ከዚያ ኦምሌት፣ በመጨረሻም ስቴክና ቡና መጣልን፡፡ አባቴ ኦምሌቱን ያዘዘው በፈረንሳይኛ ነበር፡፡ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የእሱ ዘመን ሠራተኞች ቋንቋውን የተማሩት ከሥራው ላይ ነው፡፡ አስተናጋጁም ሸምገል ያለ ሰው ነበርና ፈገግ ብሎ «ዊ፣ ሙሴ» ሲል መለሰለት፡፡ አባቴ ናፕኪኑን ዘርግቶ ጭኑ ላይ አኖረ፡፡ ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን፤ አንዴም ሰዓቱን አላየም፡፡

የዚህ ማዕድ ቅንጦት ከሳህኑ ብዛት ይልቅ ጊዜው ላይ ነው፡፡ ሊሞክረው ለሚሻ አንባቢ ጥቂት ነገር ልጠቁም፡፡ ቁርስ ሳይበሉ መሄድ፣ ፍራፍሬን ማስቀደም፣ እንቁላልን ማስከተል፣ ሥጋን ወደ መጨረሻ ማቆየት ይበጃል፡፡ እንቁላልና ቅቤ የበዛበት በመሆኑ ለጾመኛ የሚመቸው ከጾም ውጪ ነው፤ በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የተመረጠ ወቅት ነው፡፡ ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው ሙቀቱ ከመክረሩ በፊት ማልዶ ይነሳ፡፡

ያን ዕለት በጠረጴዛው ላይ ያጣሁት የአካባቢውን ወይን ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉ የወይን ዝርያዎችን ተክሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሺያ» የተባሉትን ወይኖች ለገበያ አቅርቧል፡፡ ከወንጂ ስኳር፣ ከመርቲ ብርቱካንና ቲማቲም ጋር ሲደመር፣ ስምጥ ሸለቆ የፈረንሳዮቹን ማዕድ በራሱ ምርት መሙላት ይችላል ማለት ነው፡፡

ከጉዟችን ጥቂት ዓመታት በኋላ አሮጌው ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ መመላለሱን አቆመ፡፡ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራ ጀምሯል፡፡ በሦስት ቀን ይጠናቀቅ የነበረው መንገድ በሰዓታት ስለሚያልቅ፣ አዋሽ ላይ አድሮ ቁርስ የሚጠብቅ መንገደኛ የለም፡፡ ፍጥነቱን አልጠላውም፤ አባቴም ቢሆን አይጠላውም ነበር፡፡ እሱ ዛሬ በሕይወት የለም፡፡ ያን ዕለት ሂሳቡን ልከፍል እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ግን «ተው፣ የዛሬው መንገደኛ እኔ ነኝ» ብሎ ራሱ ከፍሏል፡፡