ራስ ኤል ቲን፦ የዕዳ ደጅና የምፅዋ ዕጣ

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እስክንድርያ ከሁሉ በፊት የመንበረ ማርቆስ ከተማ ናት። በምዕራባዊ ወደቧ ዳር ግን በሌላ መንገድ፣ በሒሳብ መዝገብ በኩል፣ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ሕንፃ ቆሟል፦ የራስ ኤል ቲን ቤተ መንግሥት። ዛሬም የመንግሥት መቀመጫ ስለሆነ ጎብኚው በአብዛኛው የሚያየው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው። ሕንፃው በፉአድ ዘመን እንደ አዲስ ስለተሠራ፣ ከጥንቱ በዋናነት የተረፈው በግራናይት ዓምዶች የቆመው የምሥራቅ በር ነው። በዚያ ደጅ ያለፈው ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ አገር ሉዓላዊነቷን የምታጣው በጦር ሜዳ ነው ወይስ በብድር ውል?

መሐመድ አሊ ፓሻ ግንባታውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1834 ነው። በ1820 የተጠናቀቀው የማሕሙዲያ ቦይ ዓባይን ከወደቡ ጋር አገናኝቶ ነበር፤ ገዥውም ጥጡን ከገበሬው ራሱ በወሰነው ዋጋ እየገዛ ለአውሮፓ ይሸጥ ነበር። ቦዩ በግዳጅ ጉልበት የተቆፈረና የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈ በመሆኑ ሥርዓቱ ለገበሬው ጨካኝ ነበር። ሆኖም መሐመድ አሊ በ1849 ሲሞት የውጭ ብድር አላወረሰም። የመጀመሪያው የውጭ ብድር የተፈረመው በ1862፣ በሰይድ ፓሻ ዘመን ነው።

ዕዳው ያበጠው በ1863 ሥልጣን በያዘው በኢስማኤል ፓሻ ዘመን ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥጥን ዋጋ ሰማይ ስላደረሰው የባቡር ሐዲዱ፣ የመስኖውና የትምህርት ቤቱ ወጪ ሁሉ የሚቻል መሰለ። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ ዋጋው ወረደ፤ ወጪው ግን አልወረደም። በ1873 በስም 32 ሚሊዮን ፓውንድ ተበድሮ እጁ የገባው 20 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር፤ ወለዱ ግን የታሰበው በሙሉው ላይ ነው። በ1876 ጠቅላላው ዕዳ ከ90 ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ።

ኢስማኤል በዚህ መሐል በቀይ ባሕር ዳርቻ ግዛት ለማስፋት ጦር አዘመተ። በኅዳር 1875 የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ጉንደት ላይ ድል ነሣው። በዚያው ወር ኢስማኤል ድርሻውን፣ 176,602 የስዌዝ ቦይ አክሲዮኖችን፣ ለብሪታንያ መንግሥት በ4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጠ። የአክሲዮኖቹ ትርፍ እስከ 1894 አስቀድሞ ተላልፎ ስለነበር፣ ግብፅ ከሸጠችም በኋላ በየዓመቱ 5 በመቶ ወለድ ትከፍል ነበር። በመጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ ሁለተኛው ጦር ተሸነፈ፤ በሚያዝያ ክፍያ ተቋረጠ፤ በግንቦት የአበዳሪዎች ወኪሎች የሚመሩት የዕዳ ካዝና ተቋቁሞ የአውራጃዎች ግብርና የጉምሩክ ገቢ ተመደበለት። ኪሳራውን ጦርነቱ ብቻውን አላመጣውም፤ ሸክሙን ግን መሸከም በማይቻልበት ሰዓት አከበደው።

ቀሪው በፍጥነት ተከተለ። በ1878 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ለእንግሊዛዊ ተሰጠ። በ1879 ኢስማኤል ከሥልጣን ተሽሮ በማሕሩሳ መርከብ ከእስክንድርያ ወጣ። በሐምሌ 1882 የብሪታንያ መርከቦች ከተማይቱን ደበደቡ፤ ልጁ ተውፊቅም በእነርሱ ጥበቃ ሥር ራስ ኤል ቲን ገባ።

ለኢትዮጵያ ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጉራዕ ያሸነፈው ሠራዊት ምፅዋን አላገኘም። በ1884 የተፈረመው የሂዌት ውል በወደቡ ነጻ የዕቃ መተላለፊያ ለኢትዮጵያ ቢፈቅድም፣ በብሪታንያ ይሁንታ ጣሊያን በየካቲት 1885 ምፅዋን ያዘች። የተሸነፈው ጎረቤት በዕዳ ሲወድቅ፣ ከእርሱ የበረታ ባለጋራ በስፍራው ተተካ። ጉራዕን በጀግንነት ብቻ የሚተርክ ታሪክ ይህን የሒሳብ ግማሽ ይዘለዋል።

በሐምሌ 26 ቀን 1952 ንጉሥ ፋሩክ በራስ ኤል ቲን ዙፋኑን ለቅቆ በዚያችው በማሕሩሳ ተሳፈረ። ልክ በአራተኛ ዓመቱ ጋማል አብደል ናስር በዚያችው ከተማ የስዌዝ ቦይ መወረሱን አወጀ። በአንድ ወር ችኮላ የተሸጠውን ለማስመለስ 80 ዓመት ፈጀ፤ ዋጋውም ሌላ ጦርነት ነበር።