ምርኩዙን ማን ይመርጣል? ዋጋውንስ ማን ይከፍላል?



በመካከላችን ሪህ ጉልበቷን ያሰረባት፣ ስኳር እግሯን ያደነዘዘባት፣ ስትሮክ ግማሽ አካሏን የያዘባት እህት አለች። እንዲህ ያለው ሕመም ታክሞ የሚለቅ ሳይሆን አብሮ የሚኖር ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሁለት ጥያቄዎች በራችንን ያንኳኳሉ። የትኛው የመንቀሳቀሻ መሣሪያ ይሻለኛል? በምንስ እከፍለዋለሁ? ጥያቄዎቹ አዲስ አይደሉም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች እንዴት እንደመለሷቸው ማወቅ ለራሳችን ውሳኔ ይጠቅማል ብዬ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአገራችን የድሮው መሣሪያ ምርኩዝ ነው። ከወይራ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት ልጅ ወይም ጎረቤት ይቆርጠዋል፤ ባለቤቱ ቆሞ ይለካበታል፤ ቢረዝም ያሳጥሩታል፣ ቢከብድ ይጠርቡታል። ገንዘብ አይወጣበትም፤ ሆኖም በባለቤቱ ልክ የተሠራ ነው። ሕመሙ ሲጠና ያለው በበቅሎ ይሄዳል፣ የሌለውን ደግሞ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ያደርሰዋል። የቃሬዛው ዋጋ የሰፈርተኛው ትከሻ ነበር። በባለቤቱ ልክ መሥራትና ሸክሙን መካፈል፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ልብ እንበላቸው። የዓለም ታሪክም የሚያስተምረን እነዚህኑ ነው።

የስፔን ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊጶስ በስተርጅናው በሪህ ይሠቃይ ነበር። በ1590ዎቹ ጀርባው ወደ ኋላ የሚጋደም፣ እግር ማሳረፊያ ያለው፣ ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች የተገጠሙለት ወንበር ተሠራለት። ገንዘብ አልጎደለም፤ ወንበሩ ግን ያለ አገልጋይ አንድ ስንዝር አይንቀሳቀስም። በ1655 ደግሞ በጀርመን በኑረምበርግ አቅራቢያ ይኖር የነበረ፣ እግሮቹ የማይሠሩለት ስቴፋን ፋርፍለር የተባለ ወጣት ሰዓት ሠሪ ለራሱ ባለ ሦስት ጎማ ሠረገላ ሠራ። በእጁ መዘውር እያዞረ ብቻውን ይነዳው ነበር። ንጉሡ ያላገኘውን ነፃነት ሰዓት ሠሪው አገኘ። የሚያስፈልገውን የሚያውቀው ራሱ ነበርና።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው የፍል ውሃ ከተማ ሕመምተኞች በጎማ ወንበር መጓጓዝ ጀመሩ። ወንበሩ ይከራይ ስለነበር መግዛት ግድ አልነበረም፤ ለተፈለገው ጉዞ ብቻ ይከፈላል። ያም ሆኖ አገልግሎቱ የባለ ገንዘብ እንጂ የድሃ አልነበረም።

ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው ታጣፊ ዊልቸር የመጣው ከአሜሪካ ነው። ኸርበርት ኤቨረስት የተባለ የማዕድን መሐንዲስ በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። መኪና ውስጥ የሚገባ ወንበር ስላጣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከመሐንዲስ ወዳጁ ከሃሪ ጄኒንግስ ጋር ሆኖ ከብረት ቧንቧ የተሠራ ታጣፊ ወንበር ፈለሰፈ። መነሻው መልካም ነበር። ሆኖም ኩባንያቸው አድጎ ገበያውን ሲቆጣጠር ወንበሩ ለብዙ ዓመታት ሳይሻሻል ቀረ። በ1977 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ገበያውን በሞኖፖል ይዟል ብሎ ኩባንያውን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። በ1978 በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ስፖርት አደጋ የደረሰባት ማሪሊን ሃሚልተን ያንን ከባድ ወንበር አልቀበልም አለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ለዚያው ስፖርት ከሚያገለግለው አሉሚኒየም ቀላልና ባለ ቀለም ወንበር ሠራች። ገበያው የተለወጠው ተጠቃሚዋ ራሷ መራጭ ስትሆን ነው።

በእንግሊዝ ከ1948 ጀምሮ፣ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲቋቋም፣ ዊልቸር ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ይሰጥ ጀመር። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ምርጫው ግን የመንግሥት ሆነ። ራቅ ላለ ጉዞ ይሰጥ የነበረው ኢንቫካር የተባለ ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ መኪና ነበር። መቀመጫው አንድ ብቻ ስለሆነ እናት ልጇን አሳፍራ መሄድ አትችልም። አካል ጉዳተኞች በዚህ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ በ1976 መንግሥት በሳምንት 5 ፓውንድ የመንቀሳቀሻ አበል መክፈል ጀመረ። በ1977 ደግሞ ሞታቢሊቲ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ ሰው በአበሉ የመረጠውን መኪና የሚከራይበት መንገድ ተከፈተ። እዚህ ላይ ሁለቱ ነገሮች ተገናኙ፤ ሕዝብ ይከፍላል፣ ተጠቃሚ ይመርጣል።

የስዊድኗን አይና ቪፋልክንም ማስታወስ ይገባናል። ነርስነት እየተማረች ሳለ በ21 ዓመቷ በፖሊዮ ተያዘች፤ በኋላም በማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛነት ኖረች። በ1978 ሮላቶር የሚባለውን፣ እጀታ፣ ጎማና ፍሬን ያለው የመራመጃ መደገፊያ ፈለሰፈች። ዛሬ በብዙ አገር አረጋውያን እየገፉት ገበያ ይወጣሉ። ሕመሙን በራሷ ሰውነት የምታውቅ ሴት የሠራችው ነው።

ታሪኩ የሀብታም አገሮች ብቻ አይደለም። ራልፍ ሆችኪስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ራሱም የዊልቸር ተጠቃሚ ሲሆን፣ በ1980 ኒካራጓ ሄዶ አንዱን ወንበር ለአራት ሲጋሩ የነበሩ ወጣቶች አገኘ። ወንበሩ ሲሰበር የሚጠግኑት እነሱው ነበሩ። ከእነሱ ተምሮ፣ በአገር ውስጥ በሚገኝ ብረትና በብስክሌት ዕቃ የሚሠራ፣ ኮረኮንች መንገድ የሚችል ወንበር አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2008 ስለ ዊልቸር ባወጣው መመሪያ አገልግሎቱን በስምንት ደረጃ ከፋፍሎታል። እነሱም ወደ አገልግሎቱ መላክ፣ ሰውየውን መመርመር፣ መምረጥ፣ ገንዘብ ማግኘትና ማዘዝ፣ ወንበሩን ማዘጋጀት፣ በልክ ማስተካከል፣ ማሠልጠን፣ በመጨረሻም መከታተልና መጠገን ናቸው። ወንበሩን ማስረከብ ብቻውን አገልግሎት አይደለም ማለት ነው። ልኩን ያልጠበቀ ወንበር ይጎዳል፤ በተለይ እግሯና መቀመጫዋ የደነዘዘባት ሰው ያለ ትራስ ብዙ ከተቀመጠች ሳታውቀው ትቆስላለች።

የእኛስ አገር? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ 20ኛ አንቀጽ ሰው በመረጠው መንገድና ጊዜ፣ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ መንቀሳቀስ እንዲችል አገሮች እንዲያመቻቹ ያዛል። ምርጫና ዋጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጠዋል። ሕጉ ይህን ቢልም በዓለም ዙሪያ ገና ብዙ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2022 ባወጡት ዘገባ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያን ጨምሮ አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች መካከል አንድ ቢሊዮን ገደማ የሚሆኑት አያገኙትም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ስለ ምርጫው። ሕመም አንድ ቀን ይበረታል፣ አንድ ቀን ይቀልላል። ስለዚህ ዊልቸር የወሰደች ሁሉ መራመድ አቆመች ማለት አይደለም፤ ለቤት ምርኩዝ፣ ለሩቅ መንገድ ወንበር መያዝ ነውር የለውም። ምርኩዝ ሲለካ ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ መቆምና እጅን ወደ ታች መልቀቅ ነው፤ የምርኩዙ እጀታ ከእጅ አንጓ ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚያዘውም ከሚታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው። ጣቶቿ በሪህ የተቆለመሙባት ሴት ቀጭን እጀታ መጨበጥ ያቅታታል፤ ክንዷን የምታሳርፍበት ዓይነት ይሻላታል። ዊልቸር ሲመረጥ ደግሞ የቤቱን በር ስፋት፣ የሰፈሩን መንገድ፣ የሽንት ቤቱን መግቢያ ለክታችሁ ሂዱ። ጎማው ቢፈነዳ የሰፈራችሁ ጎሚስታ ሊሠራው ይችል እንደሆነም ጠይቁ። ከተቻለ ሳይገዛ በፊት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይየው።

ቀጥሎ ስለ ክፍያው። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ለሐዘንተኛው ገንዘብ ይሰጣል። ይህ የሚያኮራ ባህላችን ነው። ነገር ግን ያቺው አባል በሕይወት ሳለች ከቤት መውጣት አቅቷት ዓመት ስትቀመጥ እድሩ ብዙ ጊዜ የሚላት ነገር የለም። ከወርኃዊው መዋጮ ጥቂቱ ለሕያዋን ቢመደብ በዓመት የአንዲት እህት ወንበር ወይም የብዙዎች ምርኩዝና ጥገና ይወጣዋል። በእቁብም ዕጣ የወጣላት ለታመመችው ተራዋን ስትለቅ የቆየ ወግ አለ፤ ይህን ወግ በስምምነት ደንብ ማድረግ ይቻላል። ከዳነች ወይም ካረፈች ሴት የተረፈ ክራንችና ወንበር በጓዳ ከሚዝግ በማኅበሩ ተመዝግቦ፣ ታድሶ፣ በውሰት ቢዞር የባዝን ኪራይ ያለ ኪራይ አገኘነው ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ልመና አለን። በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ፣ ዊልቸር ስትልኩልን ትራሱን፣ ልክ የሚያስተካክለውን ባለሙያና የጥገናውን ገንዘብ አብራችሁ አስቡልን። አሥር ወንበር መጥቶ ስድስቱ በሁለተኛው ዓመት ግድግዳ ተደግፈው ከሚቆሙ፣ አምስት መጥተው አምስቱም ቢሠሩ እንመርጣለን። ከማዘዛችሁ በፊትም የምትቀመጥበትን እህት ራሷን ጠይቋት። ቁመቷን፣ መንገዷን፣ ሥራዋን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።