የመግነጢስ አዙሪት ችንከራ በሱፐርኮንዳክተር ስስ ንጣፎች

ኤሌክትሪክን ያለ ብክነት የሚያስተላልፍ (ሱፐርኮንዳክተር የሆነ) ስስ ንጣፍ በጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥም ብዙ ጅረት እንዲሸከም የሚያስችል ዘዴ ነው። የፊዚክስ ሊቁ አሌክሲ አብሪኮሶቭ እ.ኤ.አ. በ1957 እንዳሳዩት፣ መስኩ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ሱፐርኮንዳክተር የሚዘልቀው በቀጫጭን አዙሪቶች ተከፋፍሎ ነው። ጅረቱ አዙሪቶቹን ይገፋቸዋል፤ ከተንቀሳቀሱ ኃይል ይባክናል፣ ንጣፉም ይሞቃል። ስለዚህ አዙሪቶቹን ባሉበት መቸንከር ያስፈልጋል።

በ1987 የተገኘው የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ እስከ 92 ኬልቪን ገደማ ሱፐርኮንዳክተር ስለሆነ በ77 ኬልቪን የሚፈላ ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማቀዝቀዝ ይበቃዋል። በዚህ ሙቀት ግን አዙሪቶቹ በቀላሉ ያመልጣሉ። መፍትሔው በእጅጉ ያስደንቃል፦ በጥንቃቄ ባደገ ክሪስታል ውስጥ ሆን ብሎ እንከን መትከል። በ2004 በአሜሪካው የሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ የተሠራ ጥናት ባሪየም ዚርኮኔት መቀላቀል ንጣፉ በመስክ ውስጥ የሚሸከመውን ጅረት በብዙ እንደሚያሳድግ አሳየ። ቅልቅሉ በሌዘር ተተኖ ሲያርፍ፣ ባሪየም ዚርኮኔቱ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያላቸው ዓምዶች ሆኖ ራሱን በራሱ ይደረድራል። ስፋታቸው ከአዙሪቱ እምብርት ጋር ስለሚቀራረብ አዙሪቱን ከላይ እስከ ታች ይይዙታል።

መስኩ ሲያዘነብል የዓምዶቹ አያያዝ ይላላል፤ ለዚህም የተበታተኑ የኢትሪየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች ይታከላሉ። ጭማሪው ከበዛ ግን ክሪስታሉ ይዛባል፣ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆንበት ሙቀትም ዝቅ ይላል።