የበርሊን ግንብ ጠባቂን ለመቅረጽ፦ ከቀለሙ በፊት ዓመቱን!

በጣት ቁመት የወታደር ምስል እየቀረጻችሁ የምትቀቡ ካላችሁ ይቺ መረጃ ለእናንተ ናት። የምሥራቅ ጀርመን ድንበር ጠባቂ ልትሠሩ ነው እንበል። ቀድሞ የሚጠየቀው "ምን ለበሰ?" ሳይሆን "መቼ?" ነው።

👉 ኦገስት 15 ቀን 1961 እ.ኤ.አ፦ ግንቡ ገና የሽቦ አጥር ነበር። የ19 ዓመቱ ኮንራድ ሹማን ሽቦውን ዘሎ ወደ ምዕራብ ሲያመልጥ ፎቶ ተነሳ። ራሱ ላይ የብረት ቆብ፣ ትከሻው ላይ የሶቪየቱ ፒፒኤስኤች-41 ነበር። ያኔ የፖሊስ ባልደረባ ነው።

👉 ከዚያ በኋላ፦ ጥበቃው ወደ መከላከያ ሚኒስቴር ዞረ። እያደር መሣሪያው እዛው አገር የተመረተ ክላሽ፣ የሜዳ ልብሱም ዝናብ የመሰለ ሰረዝ ያለበት ዥንጉርጉር ሆነ። ከሌላው ሠራዊት የሚለየው የማዕረጉ አረንጓዴ ጠርዝ ነው።

እኛ የምንመክረው፦ መጀመሪያ ፎቶው የተነሳበትን ቀን አጣሩ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይነግርም፤ ሙዚየም ውስጥ ካለ ልብስ ጋር አስተያዩት።

ትንሽ ነገር ነው እንዳትሉ። ከግንቡ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 140 ሰዎች ሞተዋል። ምስሉ ትንሽ ቢሆንም የሚያስታውሰው ታሪክ ትንሽ አይደለም።