የልጃገረዶች የዓለም ዋንጫና የዕድሜ ነገር

ከመዝገብ ጋራ ውሎ የሚያድር የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ጉዳይ «ለጊዜው ይቆይ» ተብሎ የተመራበት እንደ ሆነ መዝገቡ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አቧራው ተራግፎ ቢወጣም ያው መዝገብ ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናወሳላችሁ ጉዳይ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ይኸውም ዕድሜያቸው ከ17 ዓመት ያላለፈ ልጃገረዶች በየአገራቸው ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈው የሚጋጠሙበት የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ነው። ይህ ውድድር እስከ 2024 ድረስ በየሁለት ዓመቱ ይደረግ ስለ ነበረ፣ አንዲት ልጅ ብዙውን ጊዜ አንድ ዕድል ብቻ ነበራት። ያ ዓመት ከታለፈ ልጅቱ አድጋለች፤ በደንቡም መሠረት ወደዚያ ሜዳ መመለሻ የላትም። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሁሉ አስቀድሞ የዘገየው ውድድሩ ራሱ ነው። የሴቶች እግር ኳስ ተመልካች አጥቶ ነበር የሚል ሰው ቢኖር፣ በ1920 ታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የሆነውን ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል። በፕሬስተን ከተማ ባለው በዲክ ኬር ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ያቋቋሙት ቡድን በዚያ ባደረገው አንድ ጨዋታ ላይ 53 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በ1921 ታኅሣሥ ወር፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች የሚስማማ አይደለም ብሎ በአባሎቹ ሜዳዎች ላይ እንዳይጫወቱ ከለከለ። ይህ ክልከላ 50 ዓመት ያህል ጸንቶ ኖረ። በብራዚል ከ1941 እስከ 1979፣ በምዕራብ ጀርመንም ከ1955 እስከ 1970 ተመሳሳይ እገዳ ነበረ። በ1921 አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት እንግሊዛዊት ልጅ እገዳው ሲነሣ የ66 ዓመት አሮጊት ነበረች ማለት ነው።

ከዚያም ወዲያ ቢሆን ነገሩ በቶሎ አልተቃናም። ለወንዶች ወጣቶች የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ሻምፒዮና በ1977 በቱኒዚያ ተደረገ፤ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑትም በ1985 በቻይና ተጀመረ፤ ይህንንም ናይጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 0 ረትታ ወስዳዋለች። ለልጃገረዶች ግን ከ19 ዓመት በታች ላሉት በ2002 በካናዳ፣ ከ17 ዓመት በታች ላሉትም በ2008 በኒው ዚላንድ ተከፈተ። ወንድሞቻቸው በመጀመሪያው 25፣ በሁለተኛው 23 ዓመት ቀድመዋቸዋል። ሰው አይመጣም የሚለው ምክንያት እንኳ አያስኬድም፤ በ2002 በኤድመንተን ከተማ አሜሪካ ካናዳን በጭማሪ ሰዓት 1 ለ 0 ስታሸንፍ ከ47 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ በስታዲዮሙ ውስጥ ነበር።

በኒው ዚላንድ 16 ቡድኖች ተሰልፈው፣ ሰሜን ኮሪያ አሜሪካን በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደች። በ2010 በትሪኒዳድና ቶባጎ ደቡብ ኮሪያ ከጃፓን 3 ለ 3 ከወጣች በኋላ በመለያ ምት አሸነፈች። የዚያች አገር ወንዶች ስንትና ስንት ጊዜ በዓለም ዋንጫ ተሰልፈው ያላገኙትን፣ ማለትም ከዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን እጅ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ዋንጫ፣ ለአገራቸው ያስገቡት እነዚህ ልጆች ናቸው።

በ2016 ውድድሩ ወደ ዮርዳኖስ ሄደ። ፊፋ በሚል አጠራር የታወቀው ይኸው ፌዴሬሽን በመካከለኛው ምሥራቅ የሴቶች ውድድር ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1911 ሳይሆን በ2011 ነው የምንላችሁ፣ በዚያችው በአማን ከተማ የኢራን ሴቶች ቡድን ራሳቸውን ሸፍነው በመቅረባቸው ከዮርዳኖስ ጋር የነበራቸውን የኦሊምፒክ ማጣሪያ እንዳይጫወቱ ተከልክለው ነበር። ለክልከላው የተሰጠው ምክንያት ሻሹ አንገት ላይ አደጋ ያደርሳል የሚል ነበረ። የዮርዳኖሱ ልዑል አሊ ቢን አል ሁሴን ጉዳዩን ይዘው ከተሟገቱ በኋላ፣ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው ጉባኤ በ2012 ለሙከራ፣ በ2014 ደግሞ ፈጽሞ ፈቀደ። በ2016 የዮርዳኖስ ልጃገረዶች በአገራቸው ሜዳ ሲሰለፉ ከመካከላቸው ራሳቸውን የሸፈኑ ነበሩ። ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፈዋል፤ በስፔን 6 ለ 0፣ በሜክሲኮ 4 ለ 1፣ በኒው ዚላንድ 5 ለ 0። የግቡን ቁጥር ብቻ የሚመለከት ሰው ውርደት ይለው ይሆናል፤ እኛ ግን እነዚያ ልጆች ሁለት ዓመት ብቻ ቀድመው ተወልደው ቢሆን ኖሮ በአገራቸው ሜዳ ተመልካች ሆነው ይቀሩ እንደ ነበረ እናስባለን።

እንዲህ ያለው ነገር በሌሎች ላይ በእርግጥ ደርሷል። የ2020 ውድድር በሕንድ ሊደረግ ተወስኖ ሳለ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ወደ 2021 ተላለፈ፤ በመጨረሻም ተሰረዘና ሕንድ በምትኩ የ2022ን እንድታዘጋጅ ተደረገ። ለአገሪቱ ምትክ ተገኘላት፤ ለልጆቹ ግን አልተገኘም። በ2003ና በ2004 የተወለዱት ሁሉ በ2022 ከዕድሜው ገደብ አልፈው ነበር። በሽታው የማንም ጥፋት አይደለምና በዚህ የምንወቅሰው የለም። በ2022 ነሐሴ ወር የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ፊፋ በሕንድ ፌዴሬሽን አስተዳደር ውስጥ የውጭ እጅ ገብቷል ብሎ፣ ውድድሩ ሊከፈት ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ፌዴሬሽኑን አገደው። እገዳው በ11 ቀን ባይነሣ ኖሮ የሽማግሎች ክርክር የሕንድን ልጃገረዶች ዕድል ሁለተኛ ጊዜ በበላው ነበር።

ውድድሩም ተከፈተ። ከሕንድ ቡድን አንዳንዶቹ ከጃርካንድ ግዛት ከድኻ መንደሮች የመጡ ነበሩ። የቡድኑ አለቃ የነበረችው ልጅ ወላጆች፣ ለእርሷ ክብር ወደ መንደራቸው የሚሠራውን መንገድ በቀን ሙያተኝነት ይሠሩ እንደ ነበር በጊዜው ጋዜጦች ጽፈዋል። ሕንድ ሦስቱንም ጨዋታ ብትሸነፍም መንገዱን ያመጣችው ልጅቱ ናት።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የ2022 ውድድር የሚነካን በሌላ በኩል ነው። በአፍሪካ ማጣሪያ በመጨረሻው ዙር ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ተገናኙ። በአዲስ አበባ ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ በአቡጃ ደግሞ ያለ ግብ ተለያዩ። በሁለት ጨዋታ፣ በ180 ደቂቃ፣ ልዩነቱ አንዲት ግብ ነበረች። ያችው ናይጄሪያ ወደ ሕንድ ሄዳ አሜሪካን ከውድድር አስወጣች፤ ለሦስተኛ ደረጃም ከጀርመን 3 ለ 3 ወጥታ በመለያ ምት ረታች። የእኛን ልጆች አቅም ለመመዘን ከዚህ የበለጠ ሚዛን አይገኝም። ታንዛኒያም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳትፋ፣ ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸንፋ፣ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች። በ2024 ደግሞ ኬንያ በማጣሪያው ኢትዮጵያን ጥላ አልፋ ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ሄዳለች። እነዚህ አገሮች በሀብትም ሆነ በሜዳ ብዛት ከእኛ እጅግ የራቁ አይደሉም።

በ2024 ፊፋ ስለዚህ ውድድር ያሳለፈው ውሳኔ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከ2008 ወዲህ ከተደረገው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ውድድሩ ከ2025 ጀምሮ በየዓመቱ እንዲደረግ፣ የቡድኖቹም ቁጥር ከ16 ወደ 24 ከፍ እንዲል፣ እስከ 2029 ድረስም ሞሮኮ እንድታዘጋጀው ተወሰነ። በ2022 አፍሪካ 3 ቡድን ነበራት፤ በ2025 ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ካሜሩን፣ ዛምቢያና ኮት ዲቯር ተሰልፈው 5 ሆኑ። ዋንጫውን ሰሜን ኮሪያ ኔዘርላንድን 3 ለ 0 አሸንፋ ለአራተኛ ጊዜ ወስዳዋለች። በአዲሱ ደንብ በ16 ዓመቷ በአንዲት ግብ የቀረች ልጅ በ17 ዓመቷ ደግማ ልትሞክር ትችላለች። በ2022 በአዲስ አበባ ከናይጄሪያ ጋር የተጋጠሙት ልጆች አብዛኞቹ ግን፣ ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል ከዕድሜው ገደብ አልፈው ነበር።