ደብር የሚለው ቃል

ደብረ ወርቅ በቁሙ ሲፈታ «የወርቅ ተራራ» ማለት ነው። ደብር በግእዝ ተራራ ነውና፤ ደብረ ሲናም የሲና ተራራ ነው። የጥንት መነኮሳት እንደ ደብረ ዳሞ ባሉ አምባዎች ላይ ገዳም ስለ መሠረቱ፣ የተራራው ስም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተሻገረ፤ ከገጠር አጥቢያ በማዕርግ የሚበልጠውም ደብር ተባለ። ኋላም ወደ ከተማ አለፈ፤ መንቆረር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የደብር ብዙ ቁጥር የሆነው «አድባር» ደግሞ በአማርኛ ነጠላ ሆኖ፣ አገር ይጠብቃል የሚባለውን መንፈስና ማደሪያ ዛፉን፣ አልፎም የተከበረውን ሽማግሌ ይጠራል። ስለዚህ ቀያሽ «ደብረ» የሚል ስም ሲያጋጥመው ከፍታውን ከመሣሪያው፣ ታሪኩን ከአገሬው ይጠይቅ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነግረው የምድሩን ከፍታ ሳይሆን ሕዝቡ ለቦታው የሰጠውን ክብር ነውና።