አደረ፣ አሳደረ፣ ማኅደር

አማርኛ ለኮምፒውተር ሜሞሪ ያወጣለት ስም ማኅደረ ትውስታ ነው። ስሙ በደንብ ገጥሟል፤ መግጠሙ የሚታየው ግን ወደ ግሱ ሲመለሱ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ቃላትን በየግሳቸው ሥር ስለሰበሰቡ፣ ማኅደርን የሚፈልግ ሰው ኀደረ ዘንድ ይሄዳል። የግእዙ ኀደረ የእኛው አደረ ነው፤ ጉሮሮው ላልቶ ነው እንጂ ቃሉ አልተለወጠም። ቀደሰ መቅደስን እንዳስገኘ፣ ኀደረም ማኅደርን አስገኘ፤ ማደሪያ።

በላስታ አብያተ ክርስቲያናት ማኅደር ሲባል ለካህኑ ቶሎ የሚታየው የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው፤ ማንገቻ ያለው፣ ከግድግዳ የሚሰቀል። መጽሐፉ ለንባብ ይወጣል፣ ሲነበብ ይውላል፣ ተመልሶ ይገባል። መሥሪያ ቤትም ቃሉን ተውሶ ለሠራተኛው ፋይል ሰጠው። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ነገሩ እዚያ ያድራል፣ ሲፈለግ ይወጣል።

እዚያው ላስታ ውኃም ማደሪያ አለው። ከላሊበላ ከተማ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ግድም ወጣ ብሎ የሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ነ፣ እኛ፤ አኰተ፣ አመሰገነ፤ መጨረሻዋ ኦ፣ እርሱን፤ ለአብ። አብን እናመስግነው ማለት ነው፤ አኰቴተ ቁርባን የሚለውም ከዚሁ ግስ ይወጣል። ስሙ የዛጉዌው ንጉሥ ነው፤ ንጉሡ በትውፊት የላሊበላ የወንድም ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው የተሠራው። ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከታች የተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች ይቀበሉታል፤ ካህናቱ ቀድተው ለምእመናን ይሰጣሉ። ጸበል ነው። ጠብታው ካህኑን አይጠብቅም፣ ካህኑም ከእያንዳንዱ ጠብታ ሥር አይቆምም። ገንዳው በመካከላቸው ስላለ ሁለቱም በየራሳቸው ጊዜ ይሠራሉ።

በኮምፒውተር ውስጥም እንዲህ ያለ ገንዳ አለ። ቨርቹዋል ማሽን በአንድ እውነተኛ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከክላውድ ሰርቨር የሚከራይ ፕሮግራመር አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ይኸው ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ የራሱ እውነተኛ ዲስክ ወይም የኔትወርክ ካርድ የለውም፤ ሲያስፈልገው ዋናውን ማሽን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሥራ አቁሞ ወደ ዋናው መሻገር ግን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለቱም የሚደርሱበት የጋራ ማኅደር ይመደባል፤ አንዱ ጥያቄውን እዚያ ያኖራል፣ ሌላው ያነሳል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ዜን ስለሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን አሠራር አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የሊኑክስ ፕሮግራመሩ ረስቲ ረስል ቨርቲዮ የሚባለውን ተመሳሳይ አሠራር አቀረበ፤ ዛሬ በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ እጅግ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች በእርሱ ይነጋገራሉ።

ይህ የጋራ ማኅደር በሙያው ቀለበት ይባላል፤ ቀለበት የሚባለው ግን ቅርጹ ክብ ስለሆነ አይደለም። ማኅደሩ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚዞረው ቁጥሩ ነው። 256 ቦታ ያለውን ቀለበት እንውሰድ። ቦታዎቹ ከ0 እስከ 255 ይቆጠራሉ፤ ከ255 ቀጥሎ 0 ይመጣል። የቨርቲዮ ቆጣሪ ግን እስከ 65,535 ይሄድና ነው ወደ 0 የሚመለሰው። ቦታው የሚገኘው ቆጣሪው ለ256 ሲካፈል በሚተርፈው ነው። 65,536 ለ256 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ቆጣሪው ሲዞር ተራው አይዛነፍም፤ በተለመደው አሠራር የቀለበቱ ስፋት የ2 ርቢ እንዲሆን የተወሰነውም ለዚህ ነው። ሁለት ቆጣሪዎች አሉ፣ አንዱ የጠያቂው ቨርቹዋል ማሽን፣ አንዱ የፈጻሚው ዋና ማሽን። እያንዳንዱ የራሱን ይጽፋል፣ የሌላውን ያነባል እንጂ አይነካም። ቅደም ተከተሉም ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ ጥያቄው ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ቆጣሪው ይጨምራል። ቢገለበጥ ፈጻሚው ገና ያልተጻፈ ነገር ያነባል።

ከነአኩቶ ለአብ ገንዳ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጠብታው ገንዳው መሙላቱን አያውቅም፤ ሲሞላ ይፈሳል። ቀለበቱ ሲሞላ ግን ጠያቂው ራሱ ይቆማል፣ ፈጻሚው አንድ ቦታ እስኪለቅለት።

በሰጪና በተቀባይ መካከል የሚቆመውን እንዲህ ያለ ማኅደር እንግሊዝኛው በፈር ይለዋል። ቃሉ ምትን ከሚያመለክት የጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የባቡር ፉርጎዎች ሲጋጩ ግጭቱን የሚያለዝበውም በዚሁ ስም ተጠራ። አማርኛ ቋት አለው። ቋት ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው፤ «ቋት አይሞላም» ስንል ለሚያስፈልገው አይበቃም ማለታችን ነው። ዛሬ ቋትን ለዳታቤዝ ሰጥተነዋል፣ የመረጃ ቋት ብለን። በእኔ አስተያየት ለዚያ ብዙም አይመቸውም። ዳታቤዝ ዓመታት እንዲቆይ የሚጻፍ ነው፤ የቋት ዱቄት ግን ይገባል፣ ይወጣል፣ ያልቃል። ለበፈር ነበር የሚሆነው፤ የቀለበት ቋት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አደረ ገና ያልተነካ ሀብት እንዳለው ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን በሙያው እንግዳ ይሉታል። በእኛ አገር እንግዳን ደጅ ሲመሽበት የሚቀበለው አሳዳሪ ነው፣ ከዚያው ግስ። አሳዳሪ ማሽን፣ እንግዳ ማሽን፣ በመካከላቸው የጋራ ማኅደር፦ አንድ ግስ መላውን ቤተ ሰብ ይሸከማል። ለጌጥም አይደለም፤ ስሞቹ ካሉን የሥራው ጥብቅ ሕግ በአማርኛ በግልጽ ይነገራል። አሳዳሪው እንግዳው የጻፈውን ጥያቄ እዚያው የጋራው ማኅደር ላይ እያየ መፈተሽ የለበትም፤ ፈትሾ ሳይጨርስ እንግዳው ሊለውጠው ይችላልና። አንድ ጊዜ ወደ ራሱ ማኅደር ይቀዳል፣ የቀዳውን ይፈትሻል፣ በፈተሸው ብቻ ይሠራል።

እስካሁን የሚጠራጠረው አሳዳሪው ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ነገሩ ተገልብጧል። የኤኤምዲና የኢንቴል አዳዲስ ፕሮሰሰሮች እንግዳው የራሱን ማኅደር ከአሳዳሪው እንዲሰውር አስችለዋል። እንግዳው ለአሳዳሪው የሚታየውን ጥቂት ገጽ ብቻ ለይቶ ይከፍታል፤ የሚልከውን ሁሉ ከስውሩ ወደዚያ እየቀዳ ያሳልፋል። ለዚህ ማሸጋገሪያ ስፍራ አማርኛ ገና ስም የለውም። ማኅደር አይባልም፣ ምክንያቱም እዚያ የሚያድር ነገር የለም፤ የመሸጋገሪያ ቋት ቢባል ይስማማዋል።